ለእዮኤል የሰጠሁት ቀጠሮ

ይድረስ ለልጄ ለሰብለ ገብረጻድቅ፤
ኩዌት።

ልጄ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የሰውነትሽን ጤና፣ የእንቅልፍሽን ሰላም፣ የአሠሪዎችሽንም ጠባይ እጠይቃለሁ። የወገብሽ ሕመም ተሻለሽን? የምታሳድጊያቸው ሕፃናት ዛሬም በሌሊት ይቀሰቅሱሻልን? በዚያ አገር ሙቀት ውኃ ሳትጠጪ እንዳትውዪ እናትሽ አደራ ብላለች። የእኛን ጤና የጠየቅሽ እንደ ሆነ፣ እናትሽም እኔም በሕይወት አለን። «ደህና ነን» የሚለውን ቃል ግን በዚህ ደብዳቤ ላይ አልጽፈውም። ምክንያቱን እነግርሻለሁና ተቀምጠሽ አንብቢው።

ባለፉት ሁለት ወራት አራት ጊዜ ደውለሻል። አራቱንም ጊዜ እዮኤል ለተግባር ልምምድ አርባ ምንጭ ሄዷል፣ ያለበት ቀበሌ ስልክ አይሠራም አልሁሽ። በፋሲካ ዕለት «ለበዓል እንኳ አይለቋቸውም?» ብለሽ ስትጠይቂኝ፣ የዘመኑ ትምህርት እንዲህ ነው ብዬ መለስሁልሽ። እናትሽ ስልኩን አልቀርብም ያለችው ጉንፋን ይዟት አልነበረም፤ አብሬህ አልዋሽም ብላ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ «ያለ ማስረጃ አትናገሩ» እያልሁ ታሪክ ያስተማርሁ ሰው፣ በሰባ ስምንት ዓመቴ ለገዛ ልጄ ዋሸሁ። ልጅሽ አርባ ምንጭ አይደለም። መጋቢት ዐሥራ ስምንት ቀን ከቤት ወጥቶ ወደ ሱዳን ድንበር፣ ወደ መተማ ሄዷል። ዛሬ ኃምሳ አራተኛ ቀኑ ነው።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በስልክ በነገርሁሽ ነበር። ምላሴን ያሰረው ሂድ ያልሁት እኔ መሆኔ ነው።

አምና በላክሽልኝ ስልክ ላይ ፌስቡክ የሚሉትን የከፈተልኝ ራሱ እዮኤል ነው። «አባባ፣ ጡረታ የወጡት ከክፍል እንጂ ከክርክር አይደለም» አለኝና የከተማችን የታሪክ ወዳጆች የሚጻጻፉበትን አንድ ገጽ አሳየኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ወደድሁት። በስሜ፣ ከነማዕረጌ፣ አራት ነጥቡን ጠብቄ እጽፍ ነበር። የሚናገረውን ሁሉ «ከየት አገኘኸው? መጽሐፉን ከነገጹ ጥቀስ» እያልሁ ስለማስጨንቅ ወጣቶቹ «ጋሼ ገጽ ቁጥር» የሚል ስም አወጡልኝ። እናትሽ ይህን ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔም በልቤ ኮራሁበት።

በየካቲት መጨረሻ አንድ ሰው የአውሮፓ ከተማ ፎቶግራፍ ለጥፎ «ይህ ሁሉ በማን ላብ ተሠራ?» ብሎ ጠየቀ። «የሐይቁ ልጅ» በሚል የተደበቀ ስም የሚጽፍ አንዱ፣ በአፍሪካ ላብ ነው፤ ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ድርሻውን ጠያቂ እንጂ ስደተኛ አይባልም ሲል መለሰ። እኔ ዝርፊያውን አልካድሁም። ሰው እንደ ከብት መሸጡን፣ በኮንጎ የጎማው ኮታ ያልሞላለት ሰው እጁ መቆረጡን፣ መዳቡም በባቡር ተግዞ ማለቁን ለሁለት ትውልድ ያስተማርሁ እኔ ነኝ። ያልሁት ይህን ነው፦ ከሀብታቸው ምን ያህሉ ከዝርፊያ፣ ምን ያህሉ ከሌላ ምንጭ እንደ መጣ በመዝገብ እንጂ በእልህ አይለይም፤ ቢለይም እንኳ የአያቶች በደል ለአንድ ጎረምሳ የይለፍ ወረቀት አይሆነውም። «ጋሼ፣ ሌባ የሰረቀውን መዝግቦ ያስቀምጥልዎታል እንዴ?» አለኝ። እነዚህኞቹ መዝግበዋል፤ ያንተ ፋንታ ማንበብ ነው አልሁት። «ያነበበውስ ምን አገኘ? ጡረታ!» አለኝ። ያየ ሁሉ የሳቅ ምልክት ደረደረበት።

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ርስት የሚጠይቅ ሰው የአባቱን ስምና የድንበሩን ምልክት ይዞ ይቀርባል፤ አንተ ምን ይዘህ ትቀርባለህ? አልሁት። «ራሴን» አለ። ልጄ፣ እዚህ ላይ መተው ይገባኝ ነበር። ነገር ግን አያትሽ የችሎት ሰው እንደ ነበሩ ታውቂያለሽ፤ በላ ልበልሃ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። በዚያ ሙግት፣ ለቃሉ አስረጅ ያጣ ተሟጋች ወይ ቀጠሮ ተቀብሎ አስረጁን ሊያመጣ ይሄዳል፣ ወይ «ተረትቻለሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ሦስተኛ መንገድ የለውም። እኔም በዚሁ ሥርዓት «ባለጉዳይ ለራሱ አይመሰክርም። ወንድ ከሆንህ ሄደህ አስረጅህን አምጣ» ብዬ ጻፍሁ። «ቀጠሮ ይሰጠኝ» አለ። እስከ ሰኔ ሠላሳ ሰጥቼሃለሁ አልሁት። ሦስት መቶ ሰው ወደደልኝ።

በዚህ ዘመን «ቀጠሮ ይሰጠኝ» የሚል ጎረምሳ ከወዴት ይገኛል? ይህን ሥርዓት በሐዋሳ ከተማ ያስተማርሁት አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ እራት ላይ፣ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ፣ ሥጋውን የበላችው ድመቷ ናት ወይስ እሱ እያልን እየተሟገትን። በማግስቱ ቁርስ ላይ «አባባ፣ ያ ሰውዬ አስረጁን ይዞ ቢመጣ ይረቱለታል?» አለኝ። ከመነጽሬ ቀና ሳልል፣ ለእውነት መረታት አያሳፍረኝም፤ እሱ ግን ወሬኛ ነው፣ ከተቀመጠበትም አይነሣ አልሁት። ሻዩን ጨርሶ ተነሣ።

ልምምድ ብሎ በወጣ በአራተኛው ቀን እናትሽ ልብሱን ስታጥፍ የዩኒቨርሲቲ መታወቂያውን ከኪሱ አገኘች። መታወቂያውን ትቶ ለልምምድ የሚሄድ ተማሪ የለም። ባጃጅ ይዤ ከከተማው ዳር ወዳለው ቡሹሎ፣ ከጎኑ ወደማይለየው ጓደኛው ወደ ፍቅሬ ቤት ሄድሁ። ፍቅሬም የለም። እኅቱ ታቢታ ፍቅሬ ከመተማ የላከላትን መልእክት ከስልኳ አነበበችልኝ፦ «ነገ እንሻገራለን። እዮኤል ‹የሐይቁ ልጅ በቀጠሮው ይደርሳል ብለሽ ለጋሼ ገጽ ቁጥር ንገሪልኝ› ብሏል»። አነበበችና ጋሼ ገጽ ቁጥር እኔ መሆኔን ስታውቅ ስልኩን ወደ ደረቷ ሸሸገች።

አባትየው አቶ ማርቆስ ገበሬ ናቸው። ታቢታ ነገሩን ሁሉ በሲዳምኛ አስረዳቻቸው። ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «መምህር፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄን ግን ሂድ ብዬ አላውቅም» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ እንግዳ ባዶ እጁን አይመለስም ብለው ለእናትሽ ሦስት አቮካዶ አስያዙኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ስልክ ዝግ ነው። ፖሊስም ዘንድ ሄጃለሁ፤ ስሙን ጽፈው ጠብቅ አሉኝ። አዲስ አበባ ድረስ ተጉዤ ከዚያ መንገድ የተመለሱ ሁለት ልጆች አነጋግሬያለሁ፤ የነገሩኝን ለእናትሽም አልነገርኋት፣ ለአንቺም አልጽፈውም። የሱዳኑን ጦርነት በዜና ስሰማ ቴሌቪዥኑን አጠፋዋለሁ፤ አጥፍቼም መልሼ እከፍተዋለሁ። ሽበቴን አምኜ፣ ንባቤን አምኜ፣ አሁን የማምነው አጥቻለሁ።

በየማለዳው በዚያው ገጽ፣ ከዚያው ክርክር ሥር፣ በስሜ አንድ ቃል እጽፋለሁ፦ «ተረትቻለሁ። አስረጅ አልሻም። ተመለስ»። ወጣቶቹ መጀመሪያ ስልኬ የተሰረቀ መስሏቸው ነበር። አንዱ «ገጽ ቁጥሩ ስንት ነው?» ብሎ ቀለደብኝ። ይህን ቃል በዕድሜዬ ለማንም ብዬው አላውቅም፤ አንቺ ወደ ኩዌት ስትሄጂ እንኳ ልክ እንደ ነበርሽ እያወቅሁ፣ የመምህር ልጅ እንዴት የሰው ቤት ሠራተኛ ትሆናለች ብዬ ተኮፍሼ እስከ መናኸሪያ አልሸኘሁሽም። እሱንም ዛሬ በዚህ ወረቀት ተረትቼልሻለሁ።

ልመናዬ ይህ ነው። እኔ ዘንድ አይደውል ይሆናል፤ ልጅ ግን ሲጨንቀው የሚጠራው እናቱን ነው። የደወለ ቀን የት ነህ፣ ምን በላህ ከማለትሽ በፊት፣ መስመሩ ሳይቋረጥ ንገሪው፦ አያትህ ተረትቷል፤ የሰኔ ሠላሳው ቀጠሮ ፈርሷል፤ ባዶ እጅህን ና። እኔን መርገም ካለብሽ ከዚያ በኋላ እርገሚኝ፤ እቀበላለሁ። ስልክሽ ሌት ተቀን እንዳይዘጋ።

ይህን ደብዳቤ የያዘችልሽ ሳያት የምትባለው ጎረቤታችን ናት፤ ከኩዌት በፈቃድ መጥታ ወደ ሥራዋ መመለሷ ነው። አንብበሽ እስክትጨርሺ አጠገብሽ እንድትቀመጥ ለምኛታለሁ። እናትሽ ዓይንሽን ትስማለች፤ የእዮኤልን አልጋ በየቅዳሜው ታነጥፋለች። ጎረቤታችን ወይዘሮ ካሰች ብዙ ሰላምታ ትልክልሻለች። አቶ ማርቆስና ታቢታ ባያውቁሽም ስምሽን በጸሎት ያነሣሉ። ድመቷም አለች። በየደብዳቤው መጨረሻ «እዮኤልም እጅ ይነሣል» ብዬ እጽፍልሽ ነበር። ዛሬ ሰላምታውን ለመጻፍ ማስረጃ የለኝም። ስፍራውን ከዚህ በታች ባዶ ትቼዋለሁ፤ እሱ መጥቶ በገዛ እጁ ይጻፍበት።




አባትሽ መምህር ገብረጻድቅ
ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.