የተቆለፈው በርሜልና የደጃፌ ጋን

ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት ፳፪ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ዓለሙ፣ የሰፈራችን የልማት ፈቃደኞች ማኅበር ሊቀመንበር፤
ለተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፤
እንዲሁም ለኮከብ ፈቃደኛዋ ለወይዘሮ ውባለም፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በዚህ ድንጋይ ላብ በሚያወጣበት ሐሩር ወበቁ ሳይከብድዎ፣ ወባውም ሳይደፍርዎ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ በሰላም እንደሚመላለሱ ተስፋ በማድረግ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ስለ እኔ ጤና ማኅበሩ ከእኔ ይበልጥ ስለሚያስብ፣ እኔ ማሰቡን ትቼዋለሁ።

እኔ የሟቹ የባለ ሱቁ የአቶ ሰይፉ ባለቤት እጅጋየሁ ነኝ፤ ከአስፋልቱ ዳር፣ የቁርቁራ ዛፍ ካለበት ግቢ። ድምፄን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ፊደል የለየሁት ባለቤቴ ስኳርና ጨው ይጠቀልልበት ከነበረው ጋዜጣ ላይ በመሆኑ፣ ጽሑፌ አልፎ አልፎ ጨው ጨው ቢል ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምጽፈውም ማኅበሩ በዚህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ሂስና ግለ ሂስ ያለው ነዋሪ ጽፎ ይለጥፍ» ብሎ በደግነቱ ስለ ጋበዘን ነው።

፩ኛ፤ ስለ ጋኔ ሹመት። ለዘጠኝ ዓመት በደጃፌ፣ በቁርቁራው ጥላ ሥር አንድ የሸክላ ጋን አስቀምጬ ነበር። ጠዋት ጠዋት በእንስራ ተሸክሜ እየሞላሁ፣ ላፉ ክዳን፣ ለመጠጫው ቅል አድርጌ፣ መንገደኛው ሁሉ ይጠጣ ነበር። በየካቲት ወር ማኅበሩ «ወጥ የውሃ አገልግሎት» የሚል ውሳኔ አሳልፎ፣ ጋኑ ለጤና አስጊ መሆኑን ሁለት አባላት መጥተው ካስረዱኝ በኋላ ተሸክመውት ሄዱ። ሰሞኑን በጽሕፈት ቤታችሁ በር ሳልፍ፣ ሆዱ አሸዋ ተሞልቶ የባንዲራ እንጨት ተተክሎበት አየሁት። ውሃ ሲይዝ አስጊ የነበረ ዕቃ አሸዋ ሲይዝ ለዚህ ማዕረግ መብቃቱ ባለቤቱን ምን ያህል እንደሚያኮራ ልነግርዎ አልችልም።

፪ኛ፤ ስለ በርሜሉ። በጋኔ ፈንታ፣ ከእኔ ደጅ ሃያ እርምጃ ርቆ፣ ጥላ በሌለበት ቦታ ስለ ተከላችሁልን ቀይ በርሜል ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በርሜሉ ቀድሞ ናፍጣ ይዞ የኖረ በመሆኑ ያለፈ ታሪኩን አልካደም፤ እኩለ ቀን ላይም ሻይ ቅጠል ብቻ ነው የሚጎድለው። አንድ ከጣርማ በር የወረደ የጭነት መኪና ሾፌር አንድ ጊዜ ተጎንጭቶ፣ «እትዬ፣ ይኼ ለእኔ ነው ወይስ ለመኪናው?» ብሎ ውሃ የምትቀዳውን ወይዘሮ ውባለምን ሲጠይቃት በአጥሬ ቀዳዳ ሰምቻለሁ። እርሷም፣ «ንጽሕናው በኮሚቴ የተረጋገጠ ነው፤ ዝም ብለህ ጠጣ!» አለችው። ጠጣ።

፫ኛ፤ ስለ ኮከብነት። በሚያዝያ ፳፫ በዓል የወይዘሮ ውባለም ስም በድምፅ ማጉያ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ፣ ለሁለት ወር ውሃ በመቅዳቷ ኮከብ ፈቃደኛ ተብላ የምስክር ወረቀት ስትቀበል እኔም መዳፌ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። ወረቀቱ በመስታወት ገብቶ በቤቷ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል፤ ለማየት ብዬ ጨው ልበደር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ቤቴ ጨው ሞልቷል። ሰው ከበርሜሉ ጠጥቶ አፉን እየጠረገ «እግዜር ይስጥልን»፣ «አላህ ይስጥሽ» ሲላት፣ ያ ቃል በእኔ ደጅ አልፎ ወደ እርሷ ሲሄድ፣ አንጀቴ እንደሚቃጠል ለማኅበሩ ማሳወቅ ግዴታዬ ነው። የምስክር ወረቀት አልፈልግም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ብዕሬ እምቢ አለኝ። እፈልግ ነበር። ከወረቀቱ ይበልጥ ግን ምርቃቱን እፈልግ ነበር፤ ምክንያቱን ከታች እገልጻለሁ።

፬ኛ፤ ስለ ጓጉንቸሩ። ውሃው እንዳይባክን በርሜሉ ጓጉንቸር እንዲገባለት፣ ቁልፉም ከወይዘሮ ውባለም አንገት እንዳይለይ መደረጉ የማኅበሩን አርቆ አሳቢነት ያሳያል። እሑድ እሑድ አባላት ሁሉ፣ ስም ሲጠራ የቀረ እንደሚቀጣ በፈቃደኝነት ተስማምተው ወደ ስብሰባ ሲሄዱ ቁልፉም አብሮ ይሰበሰባል። ውሃ ጥሙ ብቻ ነው ስብሰባ የማይገባው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ፣ ሎሚ ይዘው ወደ ገበያችን የሚወርዱት አሮጊቷ እማማ ጣይባ ከበርሜሉ ዘንድ ደረሱ። ቧንቧውን ነካኩ፤ ጓጉንቸሩን በጥፍራቸው አንኳኩ፤ ቀጥሎም ጋኔ ወደ ነበረበት ወደ ቁርቁራው መጥተው ባዶውን መሬት አይተው ተቀመጡ። ማኅበሩ ያኔ «የውሃ አቅርቦትን ስለ ማሻሻል» የሚል አጀንዳ ላይ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ።

እስከዚህ ሂስ ነበር፤ ከዚህ በታች ያለው ግለ ሂስ ነው።

እኔ ቤት ነበርኩ። ከአጥሬ በስተጀርባ ቆሜ እያየኋቸው ነበር፤ እንስራዬም ሙሉ ነበር። ያልወጣሁት ስላላየኋቸው አይደለም። «ይቆዩ፤ ስብሰባው ይበተንና ኮከቧ ቁልፏን አንጠልጥላ ስትመጣ ሰው ሁሉ ጉዷን ይይ» ብዬ ነው። ጥላው ከእግራቸው ሸሽቶ ፀሐይ ፊታቸው ላይ እስኪወጣ ድረስ ቆምኩ። ደስ እያለኝ ቆምኩ። አንገታቸው ዘመም ሲል ቅርጫታቸው ተገለበጠና ሎሚው ወደ አስፋልቱ ተንከባለለ። ያኔ ሮጥኩ። አፋቸውን አርጥቤ፣ ራሳቸውን ደግፌ አጠጣኋቸው። ዓይናቸውን ሲገልጡ፣ «አላህ ያኑርሽ የኔ ልጅ፤ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር» አሉኝ። ሁለት ወር የቀናሁበት ምርቃት ይኸው መጣልኝ፤ ቀና ብዬ ልቀበለው አልቻልኩም።

ጋኑን ለምን እንዳስቀመጥኩ ማኅበሩ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ቢጠይቀኝም እዋሽ ነበር። በስልሳ ስድስቱ ክፉ ቀን፣ ሕዝቡ ከወሎ በዚህ መንገድ እየወደቀ እየተነሳ ሲያልፍ፣ አንዲት ሴት በቀትር የግቢያችንን በር ተደግፋ ውሃ ለመነችኝ። ባለቤቴ ለዕቃ ደብረ ብርሃን ወጥቶ ነበር። በሽታ ይኖርባታል ብዬ ፈራሁና የበሩን መወርወሪያ አስገባሁ። ሁለት ጊዜ ጠራችኝ። ሦስተኛው ሲቀር፣ ሄደችልኝ ብዬ ተመስገን አልኩ። አልሄደችም ነበር፤ በሩን ስከፍት በድኗ እዚያው ነበር። ስሟን አላውቅም። ባለቤቴም ሳልነግረው ሞተ።

እንግዲህ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ አንድ ጊዜ በፍርሃት፣ አንድ ጊዜ በቅናት፣ በዚያው በር ውስጥ ቆሜያለሁ። ስለዚህ ኮከቡ ለእኔ እንዲዛወር አልጠይቅም። ወይዘሮ ውባለም የናፍጣ ውሃ አጠጥታ ይሆናል እንጂ የተጠማ ሰው በአጥር ቀዳዳ እያየች አልተደሰተችም። ይህን ስጽፍም እቀናባታለሁ፤ ቀድሞ በኮከቧ ነበር፣ አሁን በዚህ ነው።

ማኅበሩን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የበርሜሉ ቁልፍ በርሜሉ አጠገብ በሚስማር ይሰቀል። እኔ ከዚያች እሑድ ማግስት አዲስ ጋን ገዝቼ ከአሮጌው ቦታ አስቀምጫለሁ። ውሳኔ መጣሴ ስለሆነ የሚገባኝን ቅጣት በደስታ እቀበላለሁ። ጋኑን ልውሰድ የሚል ግን እኔንም አብሮ ይሸከም፤ ቀላል ነኝ።

የስብሰባዎችዎ ቃለ ጉባኤ እንደ ሮቢ ወንዝ በክረምት እንዲሞላ እየተመኘሁ፣ ለጋኔ ባንዲራ፣ ለበርሜላችሁም ጥላ እንዲጨመርለት እየጸለይኩ፣

ኮከብ ያልሆነችው ጎረቤታችሁ
እጅጋየሁ፣ የሰይፉ ሚስት

ማስታወሻ፤ ክቡር ሊቀመንበር፣ ባለፈው ሐሙስ በጓሮዬ በኩል ብቅ ብለው ከአዲሱ ጋን ሁለት ቅል ሙሉ ጠጥተው፣ «እትዬ እጅጋየሁ፣ አደራ፣ ለውባለም እንዳይነግሩብኝ» ብለውኝ ነበር። አደራዎን ጠብቄ ለእርሷ ትንፍሽ አላልኩም፤ የጻፍኩት ለሰሌዳው ነው። የረሱት ኮፍያዎ በጋኑ ክዳን ላይ ተቀምጦ ይጠብቅዎታል። መጥተው ይውሰዱት፤ ግን በፊት ለፊቱ በር ይግቡ፤ ከእንግዲህ አይዘጋም።