ወረቀታችንን ዝናብ መታው

ትርሲትዬ፣

ተናድጃለሁ፤ ሰላምታው ይቆየኝ። የዲላ ሴቶች በእጃቸው ለሚሠሩት መጽሐፍ ወረቀት ማውጣት ላሰለጥን መምጣቴን ታውቂያለሽ። የእንሰት ቃጫ ሳምንት ሙሉ ቀቅለን፣ ወቅጠን፣ በወንፊት አወጣን። ማድረቂያ ስናጣ ወረቀቱን አሪቻ ወዳለው ቡና ማጠቢያ ወሰድነውና ቡና ከሚሰጣበት የሽቦ አልጋ አንዱን ለምነን እዚያ ላይ አሰጣነው።

ከሰዓት ዝናቡ ድንገት ወረደ። ሴቶቹ ሁሉ እየጮሁ ሮጡ፤ ወደ ቡናው! የሰው ቡና በሸራ ሲሸፈን የገዛ እጃቸው ሥራ ዓይኔ እያየ ራሰ። እኛ ጉለሌ ወረቀት ስናሰጣ፣ ደመና ያየ ጎረቤት ሁሉ የራሱን ልብስ ትቶ ይጠራን የለ? "ኧረ ወረቀቱ!" ብዬ ብጮህ፣ የቡድኑ መሪ ካሳነሽ የሸራውን ጫፍ ወርውራልኝ፣ "ወረቀቱ ድሮስ ከውሃ አይደል የወጣው? የሚበላሸው ቡናው ነው፤ ያዢ እንጂ!" አትለኝም!

ይህች ካርድ ከዚያው ወረቀት ናት። እስክሪብቶዬ የሚደናቀፈው ጠብታው ባጎደጎደው ቦታ ላይ ነው። እኔ ላለቅስ ስል ካሳነሽ እያገላበጠች፣ "ይሄ ለሽፋን ያምራል" ብላ ለራሷ መጽሐፍ መርጣ አስቀምጣለች።

ቦታ አለቀብኝ። እማማ ዘውዴን ሳሚልኝ፣ ልጆቹንም። "ሸራውን ያዝሽላት ወይ?" ብለሽ ደግሞ እንዳትስቂብኝ። ያዝኩላት! ወረቀቴን እያየሁ፣ እስኪያባራ ድረስ ይዤ ቆምኩ።

ያንቺዋ ፀዳለ