ለሰማዩ ወይስ ለመሬቱ?

ማክሰኞ

ቤቱ የለም። ጣሪያው ወርዷል፣ ግድግዳውን ክረምቱ ገፍቶ ጥሎታል። ከጉንደ ወይን ወዲያ ያን ሁሉ መንገድ በእግሬ የኳተንኩት ይህን ፎቶ ላነሳ ነው? አባባ ከክረምት በፊት ልባቸውን ታመው ደብረ ማርቆስ እኔ ዘንድ ከመጡ ወዲህ ቤቱ ተዘግቶ ነው የከረመው። «ይህን ልብ አላምነውም፤ አገሬን አንስተሽ አምጪልኝ» ብለው ላኩኝ። «ስድን ቤቴ እገባለሁ» ነው ወሬያቸው ሁሉ። ሐኪሙ ደግሞ «እንዳታስደነግጧቸው» ብሏል።

ፀሐይዋ ከፍርስራሹ ጀርባ እያዘቀዘቀች ነበር። የካሜራውን ብርሃን ለመሬቱ ሳስተካክል ጉዱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ለሰማዩ ሳስተካክል ደመናው ያምራል፣ መሬቱ ይጠቁራል። ሁለቱንም አነሳሁ።

ረቡዕ

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «መሬቱ የጠቆረበትን አሳዪያቸውና ተገላገይ!» አለ። አዲስ አበባ ተቀምጦ ምክር መች ያልቅበታል! እኔም ግን ፎቶ ቤቴ ገብቼ ጥቁሩን በትልቁ አጠብኩት። ሲያምር ደግሞ! ማማሩ አናደደኝ።

ሐሙስ

አባባ ፎቶውን ወደ መስኮቱ አስጠጉት፣ አዘነበሉት፣ መነጽራቸውን ጠረጉ።

«ቤቱ የታለ?»

«ጨለማው ውስጥ ነው አባባ፤ ብርሃኑ አስቸግሮኝ ነው።»

«ሰማዩን ምን ላድርገው ልጄ? ሰማይማ እዚህም አለ።»

አፈርኩ። ፎቶ አንሺ ነኝ እላለሁ ደግሞ! ዝም ብል በሌለ ቤት ተስፋ ይኖራሉ። ባሳያቸውና አንድ ነገር ቢሆኑስ? ገደልኳቸው ማለት ነው። እመ ብርሃን፣ አንቺው ምከሪኝ።

ዓርብ

ፍርስራሹ የሚታይበትን፣ ብሩሁን ፎቶ አጥቤ ሰጠኋቸው። መድኃኒታቸውን አጠገቤ አድርጌ ቆምኩ።

ብዙ አዩት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። ቁርስ እምቢ፣ ምሳ እምቢ። በሩ ሥር ተቀምጬ ትንፋሻቸውን ሳዳምጥ ዋልኩ። ምነው እጄን በቆረጠው እያልኩ።

አመሻሹ ላይ ጠሩኝ። ተነስተው ተቀምጠዋል፣ ፎቶውን ይዘዋል። ከፍርስራሹ ኋላ በጣታቸው እያሳዩ፣

«ይሄ ባሕር ዛፍ የኔው ነው?» አሉ።

«የእርስዎ ነው።»

«ወይ ጉድ! እንዴት ተመንድጓል! ለምሰሶም ለማገርም ይተርፋል እኮ።» ቀጥለው ደግሞ፣ «እስቲ የሚቀመስ ነገር አምጪ» አሉኝ።

ሽሮውን ሳሞቅ እንባዬ አልቆም አለኝ። ይዳኑ አይዳኑ አላውቅም። ዛሬ ግን በሉልኝ።