ከጆንያ ላይ የተለቀመ እንግሊዝኛ

ጌታሁኔ፣

ሙት ዓመትህ አልፎ ይኸው ሰሊጡ እንደገና ለአጨዳ ደርሷል። ደኅና ነህ ወይ አልልህም፤ አንተ ካለህበት ወባም ሐሩርም አይደርስም ይላሉ። እኔ ግን ደክሞኛል። ለሰው ስናገር አይዞሽ ይሉኛል፣ አይዞሽ መባሉ ራሱ ያደክማል። ስለዚህ ላንተው ልጻፍ ብዬ ነው።

ከተማችን ኮኪት እንደምታውቃት ናት። ያው ጭነት መኪና፣ ያው አቧራ፣ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም እንደ ድሮው ነው። አንተስ ለአንድ አጨዳ ብለህ ከጎጃም መጥተህ አይደል እዚሁ የቀረኸው? መጋዘኑ ውስጥ አንተ በተሸከምክበት ሌሎች ይሸከማሉ፤ እኔም እንደ ወትሮዬ የጆንያ አፍ እሰፋለሁ። የቤታችንን ቆርቆሮ ንፋስ አንሥቶት ጎረቤት መታልኝ። ፍየሏ ሁለት ወልዳ አንዱ ሞተባት። የጠፍር አልጋህን ጓሮ አውጥቼዋለሁ፣ ባዶውን ማየት አልቻልኩም።

ስሰፋ ዓይኔ ጆንያው ላይ ካለው ጽሕፈት ላይ ይቀራል። ከሥራ ስትመለስ አሮጌ ጆንያ ግድግዳው ላይ ሰቅለህ፣ ሰሊጥ ለማለት በእንግሊዝኛ “ሰሰሚ” ተብሎ ከተጻፈው ላይ ከልጃችን ከዝናሽ ጋር ቃል ትለቅሙ ነበር። እዚያ ያሉትን ፊደሎች ብቻ እያገላበጣችሁ ሌላ የእንግሊዝኛ ቃል ማውጣት ነው ጨዋታው፤ የተሸነፈ ውሃ ይቀዳል። እሷ “ሲ” ብላ ባሕርን ታወጣለች። አንተ “ሲት” ትላለህ፣ መቀመጫ። ቲ የሚባል ፊደል የለበትም ብላ ስትጮህ፣ ነበረ፣ ቲዋ በሸክም ብዛት ትከሻዬ ላይ ተፍቃ ቀርታ ነው እያልክ ትምላለህ። አይ አንተ! ዓይን ያወጣ ውሸት እኮ ነው። ውሃውን ሁልጊዜ አንተው ትቀዳ ነበር፣ ቅርም አይልህ።

ካንተ ወዲያ ዝናሽ ጆንያውን ነቅላ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። በቃል ስትከራከሩ ትገልጡት የነበረውን መዝገበ ቃላትም አልነካችውም። እንባም አልወጣትም። ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ሊከፈት ሲል አጨዳ እሄዳለሁ ብላ ተነሣች። ሰነፍ ሆና እንዳይመስልህ፤ ወገቤን ይዤ ስነሣ እያየች ነው። አንድ አጨዳ ብቻ ነው ትላለች። ገንዘብ የቀመሰ ልጅ መቼ ወደ ደብተሩ ይመለሳል? ደግሞስ በዚያ በረሃ፣ ከማታውቀው ሰው ጋር፣ ሴት ልጅ! ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ የምከራከርበት ጉልበት አጣሁ፤ ድርቆሽ ቋጠርኩላት።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት አጫጆቹን የሚወስደው ትራክተር መጣ። ዝናሽ ተሳቢው ላይ ወጥታ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች። እኔ ከኋላ ቆምኩ። ተሳቢው ጀርባ ላይ በቀይ ቀለም “ዴንጀር” ተብሎ ተጽፏል፤ አደጋ ማለት እንደሆነ የነገርከኝ አንተ ነህ። ፊደሉን ያህል እለያለሁ። ዲዋን አየሁ፣ ጂዋን አየሁ፣ ሳላስበው “ዶግ!” ብዬ ጮህኩ። ውሻ። እውነቴን ነው፣ ቃል ያገኘሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዝናሽ አንገቷን አውጥታ ኦ የለበትም አለችኝ። አለ እንጂ፣ ያ ክቡ ምንድን ነው ታዲያ አልኳት። እሱ ያው ጂው ነው፣ አንዱን ሁለቴ ቆጠርሽው፣ አፉ ክፍት ነው አለች። አልሰማኋትም። በንዴት ዘልላ ወረደችና ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች አስቆጠረችኝ። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች ይላሉ፤ ታስተምረኝ። እንደጨረሰች ገብቶኝ ነበር። ግን አልገባኝም፣ ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ። አሁንም አልገባኝም አልኩ። እንደገና ስትጀምር ጣቷን ፊደሉ ላይ እንዳደረገች ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከቀብርህ ጀምሮ በሆዷ ይዛው የቆየችውን ነው። አቅፌ ያዝኳት። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ ነፋ፣ ሲሰለቸው ጥሎን ሄደ።

ድርቆሹን ቤት ገብተን ለሁለት በላነው። ትምህርት ቤት ሄዳለች አሁን፤ ፊቷ ግን ገና አልተፈታም። ሌላም ትራክተር ይመጣል፣ አውቃለሁ። እኔም ነገ ከዛሬ የበለጠ እደክማለሁ እንጂ አልበረታም፣ አልዋሽህም።

ሐውልት ላቆምልህ አቅሙ የለኝም፣ ጌታሁኔ። አንተን የማስታውስህ እንዲህ ነው፤ ልጅህ ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ ባንተ ቦታ ሆኜ እሸነፍላታለሁ።