ዲፕሎማህን የደበቅሁበት ሦስት ሳምንት

መስፌ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህን ካወጣን በኋላ ሰው ሁሉ በርቺ ብሎኝ ወደየቤቱ ሄደ፤ እኔም የበረታሁ መስሎኝ ነበር። ሰሞኑን ግን የማማክረው ሰው ባጣ ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ ተነሣሁ። ጽሑፍሽ አይነበብም እንዳትለኝ።

አፍንጮ በር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ጣራው አሁንም ያፈሳል፤ ዘንድሮ አሠራዋለሁ ስትል እንደኖርክ እኔም ዘንድሮ አሠራዋለሁ እላለሁ። ፒያሳ ግን ብትመጣ መንገዱ ይጠፋብሃል። ማኪያቶ የምትጠጣበት ቤት ከነባንኮኒው የለም። ጓደኞችህም ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም እየደረሳቸው ተበታትነዋል፤ አሁን ሰው ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይይዛል። አንተ በጊዜ ሄድክ፣ ቀብርህ ላይ ሰፈሩ ሙሉ ነበር።

የጻፍኩልህ ስለ ዮናስ ነው። ልጅህ ተመርቆ ቤት ከተቀመጠ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሲቪውን ያላስገባበት መሥሪያ ቤት የለም። ሲደክመው ጊዜ ከጎረቤታችን ከአስቴር ልጅ፣ ከበረከት ጋር ሆነው አንድ ደላላ ዘንድ ተመዘገቡ። ራሺያ ነው የምንሄደው አለኝ፤ መጋዘን ጥበቃ ነው፣ ከዓመት በኋላ የመኖሪያ ፈቃድ ይሰጣሉ፣ ጦር ሜዳ የሚባል ነገር የለበትም አለኝ። ምን ማለትህ ነው፣ አገሩ በጦርነት እየነደደ ራሺያ ዘበኛ አጥታ ነው ከአፍንጮ በር የምታስመጣው አልኩት። እማ አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ አለኝና ሣቀ። ያንተኑ ሣቅ ነው የሚሥቀው፣ እሱም ያናድደኛል።

ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? አባባን አብልተው አስተምረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት ሰዎች ለእኔ ክፉ አይሆኑም። ደላላውም የአባትህን ዲፕሎማ ካመጣህ ወረቀትህ ቶሎ ያልቃል ብሎታል፤ ስለዚህ ከሣጥኑ አውጪልኝ አለኝ።

መስፌ፣ ዲፕሎማህ ላይ የተጻፈውን አንተም እኔም እናውቃለን። ልጁ ግን አያውቅም።

ጥፋቱ የሁላችንም ነው። በሰፈራችን ከዚያ የመጣ ሁሉ ራሺያ የተማረ ነው። ታሽከንት ይማር፣ ሚንስክ ይማር፣ ራሺያ ነው። አንተም ኪየቭ አምስት ዓመት ቆይተህ ስትመጣ ራሺያው ብለው ስም አወጡልህ፤ እኔ ራሴ ራሺያ የተማረ መሐንዲስ ላገባ ነው እያልኩ ስጎርር አልነበረም? አንተም ራሺያ እያለሁ ብለህ ነበር ወሬ የምትጀምረው። ያኔ አንድ አገር ነበር፣ ማን ይለየው ነበር ትለኝ ነበር። ልጅ ደግሞ የአባቱን ወጣትነት መች ይጠይቃል! ፊደላቸውን በጋዜጣ ጠርዝ ላይ እየጻፍክ ስታስተምረው እንኳን የየት አገር ነው አላለህም።

ጦርነቱ የጀመረ ሰሞን እሱ ዩኒቨርሲቲ ነበር፣ አላየህም። እኔ ነኝ ያየሁህ። የኪየቭን ወንዝና ድልድይ በቴሌቪዥን ሲያሳዩ ብድግ ብለህ አጠፋኸው። ኮትህን ለበስክና እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ በእግርህ ወርደህ ተመለስክ፤ ምሳም አልበላህም። ካፌ ውስጥ ጓደኞችህ ራሺያን እንደ ኳስ ቡድን ነበር የሚደግፉት። ራሺያው፣ ሰዎችህ እኮ አሳዩአቸው እያሉ ትከሻህን ሲመቱህ አንተ የሟሟውን ስኳር ታማስላለህ። ለምን አትነግራቸውም ብዬ ተቆጣሁህ። ሰርጌይና ሚኮላ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል አምስት ዓመት አድረዋል፣ አንዱ ከዚህ አንዱ ከዚያ ነው፣ ለየትኛው ላጨብጭብ አልከኝ። ፋሲካችን ከእነሱ ጋር አንድ ቀን ይውል የለ፣ የዚያን ዓመት ሚኮላ እንደ ልማዱ ከኪየቭ ሲደውል የልጅ ልጁ መዝመቱን ነግሮህ ስልክ ላይ አለቀሰ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ አገር አንድም ቀን አላነሣህም። እኔም ዝም ስትል ዝም አልኩ።

እና ዲፕሎማውን ከሣጥኑ አውጥቼ ትራሴ ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈልጌ አጣሁት፣ አይጥ ሳይበላው አይቀርም እያልኩ የወለድኩትን ልጅ ዋሸሁት። ባሳየውና ምን ይጠበስ ቢለኝስ? ከዚህ ሌላ የማስቀርበት ነገር የለኝም። ለቅሶዬን ለምዶታል፣ ቁጣዬን ለምዶታል። ይህንንም ካየ በኋላ ከሄደ በምን እጄ እይዘዋለሁ? በዚህ ላይ ያንተን ዝምታ ሳላስፈቅድህ መስበር ፈራሁ። ትራሴ ውስጥ በተንኮሻኮሸ ቁጥር ብንን እል ነበር።

አሁን የምነግርህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። በሁለተኛው ሳምንት አስቴር መጣች። ተቀመጪ ብላት እምቢ ብላ በር ላይ ቆማ፣ ባልሽ ኖሮበት በደህና ተመልሷል፣ እንደው ደህና አገር ነው አይደል አለችኝ። ልንገራት አልኩ። ግን ብነግራት ለበረከት ትነግረዋለች፣ በረከት ለዮናስ ይነግረዋል፣ የያዝኩት ነገር ሁሉ ከእጄ ይወጣል። ደህና ነው አልኳት። መስፌ፣ ደህና ነው አልኳት! ጉንጬን ስማኝ ሄደች።

የበረከት ወረቀት ዲፕሎማ አልጠበቀም። ማክሰኞ ጠዋት በረረ።

አስቴር ከአየር ማረፊያ ተመልሳ ግቢያቸው ደጃፍ ላይ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ስታለቅስ ሳያት ትራሴን ተረተርኩት። ዮናስ ቁርስ እየበላ ነበር። ዲፕሎማውን ሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት። እጁን ጠረገና በጣቱ እየተከተለ አንድ በአንድ ፊደሎቹን አነበባቸው። የከተማዋ ስም ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ተመልሶ እንደገና አነበበው። ይሄ እኮ ዩክሬን ነው አለኝ። አዎ አልኩት። ሚኮላ የሚባል ጓደኛ ነበረው፣ የልጅ ልጁ ዘምቷል፣ ከእሱ ጋር ነው የምትታኮሰው አልኩት።

መጋዘን ነው አላለኝም።

ለካ ያውቅ ነበር። እኔን ለማሳረፍ ነበር መጋዘን መጋዘን የሚለው። እንጀራዬን ልፈልግ እንጂ ከማን ጋር ጠብ አለኝ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ካንቺ እጅ በላሁ አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ሃያ አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ደረቴ ላይ ይዤው ቁርስህን ብላ ብቻ አልኩት።

ቁርሱን ሳይጨርስ ወጣ። ያን ቀን መስኮቱ ሥር ቆሜ ያልለመንኩት ቅዱስ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሰ። ፓስፖርቱን ደላላው በግድ ነው የመለሰለት፣ ሸሚዙ አንገቱ ላይ ተቀዷል። እማ፣ ምሳ አለ አለኝ። እልል ማለት አማረኝና ከአጥሩ ባሻገር አስቴር እንዳለች ትዝ ሲለኝ አፌን ያዝኩ።

በረከት አንድ ጊዜ ብቻ ደውሏል። ሥልጠና ገብቻለሁ፣ ስልካችንን ሊሰበስቡ ነው ብሏታል። ይኸው ዛሬ ስድስት ቀን ሆነው። አስቴር ጠዋት ጠዋት እየመጣች ለዘበኝነት ምን ሥልጠና ያስፈልጋል ትለኛለች። ባልሽም መጀመሪያ እንዲህ ጠፍቶ ነበር ወይ ትለኛለች። እኔን ነው እንደሚያውቅ ሰው የምትጠይቀኝ፤ እኔ ደግሞ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ዮናስ እኔ ልንገራት አለኝ፣ እምቢ አልኩት። የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ስጨርስ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ። የት እንደተማርክ፣ ለምን ዝም እንዳልክ፣ እኔ ለምን ደህና ነው እንዳልኳት ሁሉንም እነግራታለሁ። ብትረግመኝ ይገባኛል። ሠላሳ ዓመት አንድ ሰፌድ የተዋዋስን ጎረቤቶች ነን፤ ከዛሬ በኋላ ደጄን ትርገጥ አትርገጥ አላውቅም።

አንተን ግን አልረሳህም፣ የኔ ጌታ። ከአሁን በኋላ ባልሽ የት ተማረ ሲሉኝ ኪየቭ እላለሁ። ጠዋት ስጸልይ ስምህን ከሞቱት ጋር እጠራለሁ፣ የበረከትን ደግሞ ከዮናስ አጠገብ፣ ካሉት ጋር። ስሙን ካለበት እንዳላዛውረው አንተም እዚያ ሆነህ ለምንልኝ።

ያንተው
ዓለም