ድምፅሽ እነሱ ዘንድ ቀረ

አስቴር፣

እንደምን አለሽ ብዬ አልጀምርም። መልስ የማይመጣበትን ጥያቄ መጠየቅ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ከተለያየን ዓመት አልፎ ሌላ ፋሲካ መጣ። ጥቁሩን ሸሚዝ አውልቄያለሁ፤ ያስወለቀችኝ ልጃችን ማርታ ናት፤ ለበዓሉ ከሐዋሳ መጥታ እዚሁ አለች። ሰፈራችን ሴቻ ያው ነው። ከበረንዳችን ሁለቱ ሐይቆች፣ ጫሞም አባያም፣ እንደ ድሮው ይታያሉ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ፤ የሚለቅመው ስለሌለ ግማሹን ዝንጀሮ በላው። የወንበርሽ እግር ተነቃንቆ ነበር፣ አጠበቅሁት። ማንም አይቀመጥበትም።

የምጽፍልሽ ግን ይህን ለመንገር አይደለም። ድምፅሽ ጠፋብኝ አስቴር።

የተናገርሽው አልጠፋኝም። የትኛውን ቃል የት ቆመሽ እንዳልሽው አስታውሳለሁ። ቃሉ ይመጣል፣ ድምፁ አይመጣም። ደብዳቤ እንደማነብ ሆነሽብኛል። ቀጭን ነበር? ጎላ ያለ ነበር? ስትቆጪ ከፍ ይል ነበር ወይስ ዝቅ? ማርታን ጠየቅኋት፤ «አባዬ፣ እንዴት ይጠፋሃል?» ብላ አለቀሰች። አንዲት ዘፋኝ አፏን ሳትከፍት፣ ገና ትንፋሽ ስትስብ ሰምቼ ማን እንደሆነች የምናገር ሰው ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ አብራኝ የኖረችውን ሴት ድምፅ ግን ቁጭ ብዬ ስጠራው አይመጣልኝም።

ኦፔራን ወደ ቤታችን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ለማንም አላካፍልም። በኩልፎ ወንዝ ዳር፣ የሙዝ እርሻ ላይ የውኃ ፓምፕ ስጠግን፣ ማንም ሳያስተምረኝ ሬዲዮም መጠገን ጀመርሁ። አንድ ቀን የጠገንሁትን ስሞክር የባዕድ ጣቢያ ገባ። አምስት ስድስት ሰው ባንድ ጊዜ ይዘፍናል፤ እያንዳንዱ የራሱን ይላል፣ ግን አይጋጭም። ሠራተኞቹ «ዘለቀ፣ ምንድነው ይሄ? ሰው እየታረደ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ። እኔ ግን ለየሁት። ጨንቻ ደጋ ላይ አባቶቻችን ለመስቀል ሲያዜሙ እንዲሁ ነው። አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ከሥር ይይዛል፣ ሦስተኛው ከላይ ይወጣል፤ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ ሁሉም አንድ ላይ ይደርሳል። ከተጋባን በኋላ ይህን ስነግርሽ፣ «እንግዲያው ጣልያኖቹ ከጨንቻ ነው የሰረቁት በለኛ!» አልሽኝ። እኔ ግን አልቀለድሁም ነበር።

እኔ ድምፁን አውቅ ነበር፣ ታሪኩን አላውቅም። አንቺ የእንግሊዝኛ መምህርት ነበርሽ። ማርታ ስልክ ስትገዛልን፣ ከሥሩ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያለበትን ቪዲዮ እየፈለግሽ፣ መሀል ላይ እያቆምሽ ትነግሪኝ ጀመር። «አሁን አባትየው ገባ። እንዳታዝንለት፣ ውሸታም ነው።» እኔም ያን ሰው ከዚያ በኋላ በጥሩ ጆሮ ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ በስልኩ የኦፔራ ወዳጆቹን ግሩፕ አገኘሽው። በዚህ አገር ከሁለታችን በቀር ኦፔራ የሚሰማ ያለ አይመስለንም ነበር። እነዚያ ግን ከየከተማው ተሰባስበው ቅጂ ይላላካሉ፣ ስለ ዘፋኝ ይጨቃጨቃሉ፣ አንዱ ድምፅ ሲያስለቅሳቸው ማልቀሳቸውን ሳያፍሩ ይጽፋሉ። እኔንም አስገባሽኝ። አዳማ መድኃኒት ቤት ያለው ዳዊት ዋና ባላጋራዬ ሆነ። እሱ አዳዲሶቹን ይወዳል፣ እኔ አሮጌዎቹን። «ጋሽ ዘለቀ፣ እርስዎ የሚወዷቸው ዘፋኞች እኮ በሙሉ ሞተዋል» ሲለኝ፣ «በሕይወት ያሉት መዝፈን ስለማይችሉ ነው» አልኩት። ንጉሡን ጂንስ ሱሪ አልብሰው ያዘፈኑበትን ቪዲዮ ሲልክማ ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። የግሩፑ ኃላፊ ሰናይት «ሁለታችሁም ዛሬ ምሳ አልበላችሁም መሰለኝ» ትለን ነበር። አንቺ ከጎኔ ተቀምጠሽ ትስቂያለሽ። ሳቅሽን አያለሁ፤ ጥርስሽ፣ አፍሽን በእጅሽ ስትሸፍኚ። የሚሰማ ነገር ግን የለውም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ታሪኩን ባማርኛ እየቀዳሽ ትልኪላቸው ጀመር። በረንዳው ላይ፣ ስልኩን እንደ ዳቦ ቁራሽ አፍሽ አጠገብ ይዘሽ። ሰው ሁሉ ይጠብቀው ነበር። «ቲቸር፣ ልጅቷን እዚያ ትተውብን አይሂዱ እንጂ!» ብለው ይጽፉልሽ ነበር። እኔ ዝም ብዬ መቀመጥ አልችልም፤ የተሳሳትሽ ሲመስለኝ እገባብሻለሁ። አንድ ጊዜ «አንተ ሰውዬ፣ ዝም በልልኝ እስቲ፣ እያወራሁ ነው!» ብለሽኝ እንዳለ ላክሽው። ግሩፑ ሳምንቱን ሙሉ በኔ ሲስቅ ከረመ። እኔም አኩርፌሽ ነበር፤ ያኮረፍሁት ለወግ ነው።

ልብሽ በድንገት ቆመ። ድንኳኑ ገና አልተነሳም፣ ሰው ገና እያስተዛዘነ ነው፤ ስልኬን አውጥቼ ባየው፣ ዳዊት ዘፈን ልኳል። የሠርግ ዘፈን፣ ሳቅ በሳቅ የሆነውን። ከሥሩ «ለቲቸር አስቴር፣ የሚወዱት» ይላል። ሌሎቹም ተከትለው የየራሳቸውን ደረደሩ። እውነት ነው፣ ትወጂዋለሽ። ግን ዘፈን ቀን አለው። በኛ ደጋም ለሐዘን የሚዜመው ሌላ ነው፣ ለሠርግ የሚዜመው ሌላ። አርባዋ እስኪወጣ ማንም ዘፈን እንዳይለጥፍ ብዬ ጻፍሁ። ሰናይት በትሕትና «ጋሽ ዘለቀ፣ እኛም የምናለቅሰው በዚህ ነው» አለችኝ። አልተቀበልሁም። ዳዊት «ሐዘኑ የርስዎ ነው፤ እርሳቸው ግን የኛም ነበሩ» ብሎ ጻፈ። «ለቅሶ ቤት ከሚጨፍር ጋር ሚስት አልካፈልም፤ አሳዳጊ የበደላችሁ!» አልኩ። ሰናይት አስወጣችኝ። ባታስወጣኝም እወጣ ነበር።

ያን ቀን ያልሁትን ዛሬም እላለሁ። ይህን እንድትሰሚው እፈልጋለሁ። ማንም ባያከብረው እኔ ሐዘንሽን አክብሬያለሁ። ሙት ዓመትሽ እስኪወጣ እዚህ ቤት ሬዲዮ አልተከፈተም። ያንቺንም ስልክ አጥፍቼ ልብሶችሽ መሀል አኖርሁት። ዓመቱ ሲያልቅ አውጥቼ ሞልቼ እከፍተዋለሁ፤ ድምፅሽ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር። ስከፍተው ግሩፑ ያለበት መተግበሪያ እንደ አዲስ ቁጥር አስገባ አለኝ። አስገባሁ። የቀዳሽው አንድም የለበትም፤ ቁጥርሽም ሳይሠራበት ስለቆየ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ደወልሁለት። «አስቴር? ተሳስተዋል አባቴ፣ እኔ ግርማ ነኝ፣ ጂንካ ነው ያለሁት» አለኝ። በማግስቱ ደግሜ ደወልሁ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ። ሰውየው ደግ ነው፣ አልተቆጣኝም፤ «አሁንም እኔው ነኝ አባቴ» አለ።

የኔን ስልክ ፈተሽሁ፤ ከግሩፑ ስወጣ የነበረው ሁሉ አብሮ ሄዷል። አንድም የለም። አንድ ቤት እየኖርን፣ ባንድ ገበታ እየበላን፣ ምን ብለን ድምፅ እንላላክ ነበር? ማርታ የሠርጓን ቪዲዮ አወጣች። አለሽበት፤ ማይክ ይዘሽ እየመረቅሻት ነው፤ ቪዲዮውን ያሰናዳው ሰው ግን ድምፁን አጥፍቶ ከላይ ዘፈን ጭኖበታል። አፍሽ ይንቀሳቀሳል። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ትናገሪያለሽ፤ ከዚያ ውስጥ አንዲት ቃል አትወጣም። ስክሪኑን ጆሮዬ ላይ ለጠፍሁት፤ ማርታ ከእጄ ወሰደችብኝ።

ማርታ ለሰናይት ጻፈችላት። ሰናይት መለሰች። «የቲቸር ድምፅ ሁሉም አለ። ስማቸው ጠፍቶ የተሰረዘ አካውንት ይላል እንጂ አንዱም አልጎደለም። ጋሽ ዘለቀም ይመለሱ፣ ናፍቀውናል። ግን መጀመሪያ ዳዊትን ይቅርታ ይበሉት፤ እዚያው፣ የተናገሩበት ቦታ።» ማርታ «አባዬ፣ አንድ ቃል እኮ ነው!» አለችኝ። አንድ ቃል መሆኑን አላጣሁትም። «እሺ ተወው፣ እኔ ገብቼ ልገልብጥልህ» አለች። በሩን ዘግተውብኝ ልጄን በመስኮት አላስገባም አልኋት። ተጣላን። በበዓል ተጣላን አስቴር፣ በግ ታርዶ ማንም ሳይበላ።

ሌላም አለ፤ ይህን ለማርታ ዘግይቼ ነው የነገርኳት። ጆሮዬ እየሄደ ነው። ግራው ከሄደ ቆየ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት የፓምፕ ጩኸት በላው። አሁን ቀኙም ጀምሯል። ሐኪሙ ጆሮዬ ውስጥ ተመልክቶ፣ ከዚህ ወዲያ እየባሰ እንጂ እየተሻለ እንደማይሄድ ነገረኝ። ባለፈው ሳምንት ሬዲዮውን ከፍቼ ያን የምወደውን ቀጭን ድምፅ ፈለግሁ። ላይ ሲወጣ እኔ ጋ አይደርስም። አፏን ከፍታ የቆመች ይመስለኛል፤ ከዚያ ወደ ታች ስትመለስ አገኛታለሁ። አንቺንም እንዲሁ ላገኝሽ ነው? ዛሬ ቢልኩልኝ እሰማሻለሁ። ዘንድሮን አኩርፌ ካሳለፍሁ ግን፣ ድምፅሽ እጄ ላይ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ እኔ ብቻ አልሰማውም።

ስለዚህ ወረቀት ይዤ ተቀመጥሁ። «ይቅርታ» ብዬ ጻፍሁና አየሁት። ይህን ካልሁ፣ ያን ቀን መዘፈን ነበረበት ማለቴ ነው። ለቅሶሽ ባልተነሳበት ሰዓት የሠርግ ሳቅ ልክ ነበር ማለቴ ነው። ድንኳንሽን አፍርሼ ድምፅሽን መግዛት ሆነብኝ። ቀደድሁት። ደግሜ ጻፍሁ፤ ደግሜ ቀደድሁ። ውሸት ጽፌ ድምፅሽን ባገኘው፣ በሰማሁት ቁጥር የዋሸሁት ነው የሚሰማኝ።

ለአንቺ የምጽፈው ለዚህ ነው። ለነሱ መጻፍ አቃተኝ። ማርታ ግን ይህን ደብዳቤ ለሰናይት ትልካለች፣ ሰናይትም ሁሉም እንዲያነበው ትለጥፈዋለች። ስለዚህ አንድ አፍታ ፊቴን ከአንቺ አዙሬ ላናግራቸው።

ዳዊት፣ ስለ ሐዘኑ ባልሁት እጸናለሁ፤ ብንገናኝ ፊት ለፊትም እልሃለሁ። «የኛም ነበሩ» ብለኸኝ ነበር። በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። የናንተ ባትሆን ኖሮ ድምፅዋ እናንተ ዘንድ ባልተገኘ፤ እኔ ቤት በነበረ። ይቅርታ ማለት አልቻልሁም። መለመን ግን እችላለሁ፤ መለመን ውሸት የለበትም። ሥራ ሳጣ አልለመንሁም፣ ታምሜ አልለመንሁም፣ በሹመኛ ደጃፍ ቆሜ አላውቅም። አሁን እለምንሃለሁ። ሰናይት፣ አንቺንም እለምንሻለሁ። ግሩፑ ውስጥ መልሳችሁ ባታስገቡኝም ግድ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ የቀዳችውን፣ ስለ ማርያም፣ ላኩልኝ። እኔ የማስለውንም፣ የምትቆጣኝንም ሳትቆርጡ። ቀኙ ጆሮዬ እያለ።

አስቴር፣ ልኬላቸው መልስ ባይመጣም ይህን ዕወቂ። እየነገርሽኝ የሰማኋቸውን ታሪኮች አንድ በአንድ፣ ባልሽበት ቃል፣ ለማርታ እየነገርሁ ነው። የኔ አማርኛ ያንቺን አያህልም፣ ድምፄም ጎርናና ነው፤ ቢሆንም የትኛው አባት ውሸታም እንደሆነ ታውቃለች። ጆሮዬ ጨርሶ ሲዘጋ አፌ ይቀራል። አፌ እስካለ አንቺን አልተውም።

ማርታ ስልኩን ይዛ አጠገቤ ቆማለች፤ «ልላከው?» ትላለች። ላኪው ብያታለሁ።

ባልሽ ዘለቀ