ስለ ኢልያስ ምሳ ዕቃና ስለ ተጨባጭ ሁኔታችን

ለተከበሩ የመብት ግንዛቤ ማስጨበጫ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ፣ ያለንበት የሚታወቀው ሁሉ፣ ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት በሥላሴ አቅራቢያ ባለው አዳራሽ፣ ሰብዓዊ መብት ከአገር አገር የሚለያየው በባህልና በተጨባጭ ሁኔታ ምክንያት እንደሆነ፣ የውጭ መለኪያም ለእኛ እንደማይሆን በሰባ ሁለት ስላይድ ስላስረዱን ከልብ አመሰግናለሁ። በሰጡን የቤት ሥራ መሠረት ሰፈሬ ወርጄ ባህላችንን አጥንቻለሁ፤ ውጤቱን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ከራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ሰዓት የሚጠግነው ጎረቤቴ ኢልያስ ከሱቁ ከተወሰደ ዛሬ ሃያ አንድ ቀኑ ነው። ሕጉ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ሰዓት አቆጣጠራችን ከሌላው ዓለም በስድስት ሰዓት እንደሚለይ አውቅ ነበር፤ በአሥራ ዘጠኝ ቀን መለየቱን ግን እርስዎ ባያስተምሩኝ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፦ በሌላው አገር እስረኛን መንግሥት ያበላዋል አሉ። እኛ ጋ ሚስት ምሳ ዕቃ ታመላልሳለች፤ እስር ቤቱ በር ላይም ዘቡ ክዳኑን አስከፍቶ «ቅመሺ» ይላታል። ባለቤቱ ፈቲያ ግን ረመዳን ይዛለች፤ ማፍጠሪያውን በጠራራ ፀሐይ አልቀምስም አለች። ደንብ ነው ተባለች። እኔ ልቅመስላት ብዬ ሄድኩ፤ ምግቡ ሥጋ ነበረበት፣ እኔ ደግሞ ሁዳዴ ላይ ነኝ። በመጨረሻ ጎረቤታችን መምህርት ጸሎት፣ ጴንጤ ናትና የሁለታችንም ጾም ስለማይመለከታት፣ የሰፈሩ ቋሚ ቀማሽ ሆና ተሾመች። «ጌታ ለዚህ ነው የጠራኝ መሰለኝ፣ ወፈርኩ እኮ» ትላለች። ይህ ባህላችን ከስላይድዎ ቀርቷል፤ ለአዳራሹ ቡፌም ቀማሽ አልተመደበም ነበር።

ሦስተኛ፦ ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ ፈቲያ ባሌ በሕይወት አለ ብላ ታድራለች፤ ሌላ ማስረጃ የላትም። ከትናንት ወዲያ እንደሞላ ተመለሰ። ዘቡ «ተዛውሯል፣ እህቴ» አላት። ወዴት ስትለው፣ እሱን አላውቅም አለ።

ክቡር ሆይ፣ ከአዳራሽዎ እስከዚያ በር በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። መብት እንዴት እንደሚለያይ ለማየት ድንበር መሻገር አያሻም። ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነው፤ ኢልያስ የት ነው?

የሰጡንን የምስክር ወረቀት በፍሬም አድርጎ ከኢልያስ የተዘጋ ሱቅ በር ላይ የሰቀለው ታዛዥ ሠልጣኝዎ፣
ሀብተሥላሴ እሸቴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፈቲያ የምታደርስበት በር ስላጣች፣ ምሳ ዕቃው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለጸሐፊዎ ተሰጥቷል። ጸሎት ቀምሳዋለች፤ እርስዎ አይድከሙ። ባዶውን እንጠብቃለን።